ካርዱን ከመጣል በፊት መለካት
በባሕር ዳር ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በጣና ዳር የተቆረቆረችው ከተማችን ከቴክኒክ ሙያ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ፥ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን መሥርቷል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዚሁ ሙያ የሚመነጭ ነው፤ ይኸውም አሮጌ ኮምፒዩተርን ከትንሽ ፍሬዛ ጋር አገናኝቶ በገዛ እጁ ሠርቶ ማየት የሚሻ ሰው የሚገጥመው ችግር ነው።

ሊነክስ-ሲ.ኤን.ሲ. የተባለው ነፃ ፕሮግራም መነሻው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ፓራለል ፖርት በሚባለው የቀድሞ የፕሪንተር መሰኪያ በኩል ሞተሮችን ያዛል። መሰኪያው በተለመደው አሠራር 12 የትእዛዝ መውጫና 5 የምልክት መግቢያ መስመሮች አሉት። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ይህ መሰኪያ ስለሌላቸው ተጨማሪ ካርድ መግዛት ግድ ይሆናል። ካርዱ አልሠራ ሲል «ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ማስመጣት ይቀናል፤ ዳሩ ግን ዕቃው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነውና ፍርዱ ከልኬት በኋላ ሊሆን ይገባል።

በመጀመሪያ የሞተሮቹ ኃይል ይጥፋ፤ ገመዱም ከካርዱ ይነቀል። ቀጥሎ የካርዱ አድራሻ ይጣራ። በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ የሚገኝ መሰኪያ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ በሄክሳዴሲማል 378 ሲሆን፥ የተጨማሪ ካርድ ግን ሌላ ነው፤ «ኤል.ኤስ.ፒ.ሲ.አይ.» የተባለው የሊነክስ ትእዛዝ ይነግረናል። ከአንድ በላይ ከዘረዘረ በየተራ መሞከር ነው። መሰኪያው ተይዟል የሚል መልእክት ከመጣ፥ የሊነክስ የራሱ የፓራለል ፖርት ሞጁል ቀድሞ ይዞት እንደሆነ ይታይ። በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካው መቀየሪያ ለፕሪንተር እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚጽፍበት አድራሻ የለውምና።

ከዚህ በኋላ ቴስተር ይነሣ። አንደኛው ጫፍ በ2ኛው እግር፥ ሁለተኛው ከ18 እስከ 25 ካሉት የመሬት እግሮች በአንዱ ላይ ይደረግና መስመሩ በፕሮግራሙ ይብራ፥ ይጥፋ። ንባቡ ካልተለወጠ ስሕተቱ ያለው ከአድራሻው፥ ከአቀማመጡ ወይም ከካርዱ ዘንድ ነው። ተለውጦ በ3.3 ቮልት አካባቢ ከቆመ ካርዱ ደኅና ነው፤ ሆኖም 5 ቮልት የሚጠብቅ ድራይቨር ትእዛዙን ላይቀበል ስለሚችል በመካከል ቮልቱን የሚያሳድግ ሰሌዳ ያስፈልጋል። 5 ቮልት ደርሶ ሞተሩ ካልዞረ ፍለጋው ወደ ገመዱና ወደ ድራይቨሩ ይዛወር። ሞተሩ አልፎ አልፎ ርምጃ የሚስት እንደሆነ ደግሞ የኮምፒዩተሩ መዘግየት በመለኪያው ፕሮግራም ይፈተሽ። ካርዱ በማያውቀው ነገር ሊወቀስ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ልናስብበት የሚገባው የሰው እጅ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ፥ ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይጀምር፥ የካርዱ እግሮች በምን ሁኔታ እንደሚገኙ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለሆነም መቁረጫው ማንም ሳያዘው ሊዞር ይችላል። ፕሮግራሙ በሕይወት መኖሩን በማያቋርጥ ምት ካላረጋገጠ በቀር ኃይል የማያሳልፍ ሰሌዳ መግጠም ይበጃል። የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ ግን በኮምፒዩተር ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሳይሆን ኃይሉን ራሱን የሚቆርጥ ይሁን።

ባልደረቦቼ፥ ወጣቶች ምክር ፍለጋ ወደ እኛ ሲመጡ አዲስ ካርድ እንዲገዙ ከመንገራችን አስቀድሞ ምን ያህል ቮልት እንዳነበቡ እንጠይቃቸው። ንባቡንም በደብተር ጽፈው እንዲያቆዩ እናስለምዳቸው።