ለወጣት ልጃችን የኤሌክትሮኒክስ ስጦታ ስንመርጥ

በራዲዮ ያቀረብሁትን ይህን ንግግር ላላዳመጣችሁት፣ አዳምጣችሁም ደግማችሁ ለማየት ለፈለጋችሁት፣ እነሆ በጽሑፍ። የዛሬው ርእሳችን ለዐሥራ ሦስት ወይም ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ በስጦታ ስለ መግዛት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በሥራዬ እንዳየሁት ትንሽ አይደለም፤ ለምን እንዲህ እንደምል እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ትረዱኛላችሁ።

ነገሩን ያስነሣብኝ በኢር ያሚም ያጋጠመኝ ነው። ኢር ያሚም በናታንያ ደቡብ፣ በባሕሩ ዳር፣ ረዣዥም ፎቆች የተሠሩበት ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። በዝናቡ ወራት ሐምራዊው አይሪስ የሚያብብበት የተከለለ ቦታም አጠገቡ አለ። አንድ ቀን በካንዮኑ ውስጥ ሳልፍ አንዲት እናት ከመጫወቻ መደብሩ በር ላይ አስቆሙኝ። በእነዚያ ፎቆች ውስጥ በጽዳት ሥራ የሚሠሩ ሴት ናቸው። በእጃቸው ትልቅ ሳጥን ይዘዋል። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ እዪልኝ። ለእኅቴ ልጅ ለባር ሚጽቫው ነው። የአያቱን ራዲዮ ፈታቶ ጥሎ ተቆጡት። ኤሌክትሮኒክስ ይወዳል አሉኝ። ትልቁን ልግዛለት ወይ?» አሉኝ።

ወዲያው አልመለስሁላቸውም። ከዓመታት በፊት ለሌላ ቤተሰብ የሰጠሁት ምክር ትዝ ስላለኝ ነው። ያንን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ከኮሌጅ በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ስጦታ ጠየቁኝ። ልጁ ብሩህ ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ይላል። እኔም «እንዲህ ያለ ልጅ ጥሩ ነገር ይገባዋል» ብዬ ውድ የሆነውን፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሮቦት የሚሠራበትን ሳጥን አሳየኋቸው። እናትየው በስምንት ታሽሉሚም ገዙት። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤታቸው ስሄድ ሳጥኑ ከቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ልጁን ስጠይቀው «ጊዜ አጣሁ» አለኝ። እውነቱን የነገረኝ ከዓመት በኋላ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ነገር አልበራ አለው። «ዕቃውን ያበላሸሁት መሰለኝ። እማዬ ገና እየከፈለች ነበር፤ እንዳልነካው ፈራሁ» አለኝ። ቤታቸውም የሚሠራ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስለዚህ ጥፋቱ የልጁም የእናቱም አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ለልጁ የሰጠነው ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነው። «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም» ብሎ ደመደመ። ይህን አሳብ ከልጅ ልብ ውስጥ ማውጣት እንዴት ከባድ እንደሆነ የእኔ ሥራ ባልደረቦች ሁሉ ያውቃሉ።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ቢያበላሸው የማያፍርበትን፣ እናንተም ብትሆኑ የማትቆጡበትን ዕቃ ግዙ። ኤሌክትሮኒክስ የሚለመደው በማበላሸት ነውና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለም?

አሁን ወደ ሳጥኖቹ እንምጣ። በዕብራይስጥ ዔርካ የሚባሉት እነዚህ የመለማመጃ ሳጥኖች በብዛት አራት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ዓይነት እንደ ጃኬት ቁልፍ ቀጭ እያሉ የሚገጠሙ ክፍሎች ያሉት ነው። ከእነዚህ የታወቀው የአሜሪካው ስናፕ ሰርኪትስ ነው። መመሪያው በሥዕል ስለሆነ ቋንቋ ብዙ አያስቸግርም፤ በተለመደው የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ክፍሎቹም በቀላሉ አይሰበሩም። ነገር ግን ሳጥኑ ላይ «ከ8 ዓመት ጀምሮ» የሚል ስላለ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ «ሕፃን አደረጋችሁኝ» ሊል ይችላል። ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለታናሽ እኅቱ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ብሬድቦርድ የሚባለው ነው። ይህ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው፤ ሽቦዎቹና ጥቃቅኖቹ ክፍሎች ያለ ብየዳ ቀዳዳው ውስጥ እየተሰኩ ይገናኛሉ። ስሕተት ቢሆን ነቅሎ እንደገና መሰካት ነው። ክፍሎቹ እውነተኞቹ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን ውስጥ ያሉት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቢቃጠል ምትኩ የሚገዛው በሳንቲም ነው። ለጀማሪ ወጣት እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛው በብየዳ የሚሠራው ነው። እዚህ አገር መልሕም በሚሉት የብየዳ ብረት ክፍሎቹን ከሰሌዳው ጋር ያጣብቋቸዋል። ሲያልቅ እውነተኛ ራዲዮ ወይም ሰዓት ይሆናል፤ ልጁም ይኮራበታል። የብረቱ ጫፍ ግን ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል ትልቅ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። መስኮት ይከፈታል። አንዳንዱ የብየዳ ሽቦ እርሳስ ስለተቀላቀለበት ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። የራዲዮ ሳጥን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ኤፍ ኤም መሆኑን አረጋግጡ። ከርካሾቹ አንዳንዶቹ ለኤ ኤም ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ የሬካን የአማርኛ ፕሮግራም የምንሰማው ግን በኤፍ ኤም ነው። ልጅ በእጁ በሠራው ራዲዮ አያቱ አማርኛ ቢሰሙበት ከዚህ የሚበልጥ ምን ምስጋና አለ?

አራተኛው በኮምፒዩተር የሚታዘዘው ነው። በ2005 በኢጣልያ፣ በኢቭሬያ ከተማ የተጀመረው አርዱዊኖ፣ እንዲሁም በ2016 በብሪታንያ ለተማሪዎች በነፃ የታደለው ማይክሮቢት ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ የምትገዙት ግን ቤታችሁ የሚሠራ ኮምፒዩተር ካለና ልጁ ያለ ችግር የሚጠቀምበት ከሆነ ብቻ ነው። እኔ ያኔ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ እናንተ ጠይቁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሌላም የምታዩት አለ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «300» ተብሎ ቢጻፍ የሙከራዎቹ ቁጥር እንጂ የዕቃዎቹ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። የክፍሎቹን ዝርዝር አንብቡ፤ ማንበብ ካስቸገራችሁ ሻጩን አስነብቡት፤ ይህ ነውር አይደለም። መመሪያው በምን ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁ። ባትሪው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የለም፤ ልጁም በበዓሉ ማታ ሳጥኑን ከፍቶ ያለ ባትሪ ይቀመጣል። ፔቴክ ሃሕላፋ፣ ማለትም የመለወጫ ወረቀቱን ሳትቀበሉ ከመደብሩ አትውጡ።

ስለ አደጋም ልናገር። የቤታችን መብራት 230 ቮልት ነው፤ ይገድላል። ጀማሪ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሁን፤ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ምንም ነገር እንዳያገናኝ አስጠንቅቁት። የባትሪን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ማገናኘት ሽቦውን ያግለዋል፤ እጅም ያቃጥላል። ከሁሉ በላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ የሆነችው ትንሿ ባትሪ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ አደገኛ ናት። ሕፃን ቢውጣት በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። የዋጣት ከመሰላችሁ ሳትጠብቁ 101 ደውሉ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

«እኛ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ምን እናውቃለን? እንዴት አጠገቡ እንቀመጣለን?» የምትሉ ወላጆች ትኖራላችሁ። የመጀመሪያውን ሙከራ እዚሁ ላስተምራችሁ። ኤል ኢ ዲ የምትባል ትንሽ አምፖል አለች። ሁለት እግር አላት፤ ረጅሙ እግር ወደ ባትሪው ፕላስ፣ አጭሩ ወደ ማይነስ ነው። ከተገለበጠች አትበራም። ቀይዋ አምፖል የምትፈልገው ወደ 2 ቮልት ገደማ ነው፤ ባትሪው ግን 9 ቮልት ነው። የተረፈውን 7 ቮልት የሚይዝላት ሬዚስተር የሚባል ክፍል በመካከል ይገባል፤ 330 ወይም 470 ኦም ቢሆን ይበቃል። ውኃ ከቦይ ወደ መደብ ሲለቀቅ በድንጋይ እንደሚገደብ ማለት ነው። ሬዚስተሩ ከተረሳ አምፖሏ ብልጭ ብላ ትቃጠላለች። ያን ጊዜ እንዳትቆጡ! «ለምን ተቃጠለች?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ መልሱን ሲያገኝ ትምህርቱ ያን ጊዜ ገባው ማለት ነው።

ደግሞስ የእጅ ሥራ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? በጎንደርና በአካባቢው የቤተ እስራኤል ሰዎች አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ነበሩ። የገበሬው ማረሻና ማጭድ ከእነርሱ እጅ ይወጣ ነበር። በዚያው ሙያቸው ቡዳ እየተባሉ ተሰድበውበታል። ከስድቡ የተነሣ አንዳንድ አባቶች እዚህ ከመጡ በኋላ ሙያቸውን ለልጅ ልጆቻቸው አላወሩም። አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ በብየዳ ሲሠራ ሽቦው አልያዝ አለው፤ እርሳሱን በብረቱ ጫፍ እያቀለጠ ያንጠባጥባል። አያቱ ከሶፋው ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና «መጀመሪያ ብረቱን አግለው እንጂ! ያልጋለ ብረት አይዝም» አሉት። ልጁ መገጣጠሚያውን አስቀድሞ አጋለው፤ ያዘ። መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነበር። አያትየው ዕብራይስጥ አያነቡም፤ እንግሊዝኛም አያውቁም፤ ወናፍና መዶሻ ግን ያውቃሉ። ልጁ የዚያን ቀን ነው «አያቴ ባለሙያ ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀው።

ሴት ልጆቻችሁንም አትርሱ። እናቶቻችን የሸክላውን አፈር መርጠው፣ እሳቱን መጥነው ያወጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሽቦ ለሴት ልጅ አይሆንም የሚል ሕግ የለም። የዛሬ ትንሽ ሳጥን የነገ እንጀራ ሊሆንም ይችላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሸር ኤልያስ ከሌሎች ጋር ቴክ ካሪየርን ያቋቋመው የእኛ ወጣቶች ወደ ከፍተኛ ቴክኖሎጂ ሥራ የሚገቡበት በር ጠባብ መሆኑን አይቶ ነው። ወደዚያ በር የሚያደርሰው መንገድ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ከቤት ይጀምራል።

ወደ ኢር ያሚም ልመለስ። እናትየውን «ልጁ ራዲዮውን ሲፈታ ምን ፈልጎ ነበር?» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ነው አለ» አሉኝ። ትልቁን ሳጥን መለሱ። ብሬድቦርድ ያለበትን ትንሹን፣ ሁለት ባትሪና የመለወጫ ወረቀቱን ይዘው ወጡ። ከተረፈው ገንዘብ ጥቂቱን ለልጁ አምፖልና ሬዚስተር መተኪያ እንዲያስቀምጡ መከርኋቸው። በሩ ላይ ስንለያይ «የአያቱን ራዲዮስ ምን እናድርግ?» አሉኝ። «ባትሪውን አውጥታችሁ ለልጁ ስጡት፤ አያቱም አጠገቡ ይቀመጡ» አልኋቸው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ስጦታውን ሰጥታችሁ ወደ ሌላ ክፍል አትሂዱ። ለአንድ ሰዓት ያህል ከጠረጴዛው አትነሡ፤ ባታውቁትም ጠይቁ፤ ስታጠፉም ከልጁ ጋር አብራችሁ ሳቁ።