አደጋን ቀድሞ መከላከልና የዓለም አቀፍ ትብብር ድርሻ
(በጉብሬ የተደረገ ንግግር)



ድርቅን የሰው ኃይል ሊያስቀረው አይችልም፤ ድርቅ ወደ ረሃብ እንዳይለወጥ ማድረግ ግን ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የዓለም አቀፍ ትብብር እውነተኛ መፈተኛ ነው።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ለዚህ ምስክር ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የምግብ እጥረቱን ለለጋሽ መንግሥታት አስታውቆ እርዳታ ጠይቋል። የዓለም ሕዝብ በስፋት የተንቀሳቀሰው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ተረጂዎች ሁኔታ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በሰሜን የነበረው ጦርነትና የመንግሥት ትኩረት ወደ አሥረኛው የአብዮት በዓል መዞሩም ችግሩን አባብሰዋል። እርዳታ በተጓተተ ቁጥር ገበሬው የዘር እህሉን ይበላል፣ በሬውን ይሸጣል፣ በመጨረሻም ቀየውን ለቆ ወደ መጠለያ ይሰደዳል። በዚያ ጊዜ የጎደለው ማስጠንቀቂያ ሳይሆን በማስጠንቀቂያው ላይ ተመሥርቶ በወቅቱ መወሰን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስምምነቶች ተደርሰዋል። በ1978 ዓ.ም. ስድስት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርቅን በጋራ ለመቋቋም ዛሬ ኢጋድ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 ያሉትን ዓመታት የተፈጥሮ አደጋ ጉዳትን ለመቀነስ መደበ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሴንዳይ የጸደቀውና እስከ 2030 የሚቆየው ማዕቀፍም ሥጋትን ቀድሞ መቀነስን ያስቀድማል።

ይሁን እንጂ ስምምነት በገበሬው ጓሮ ካልታየ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለዚህም የጉብሬ አካባቢ ጥሩ ማስረጃ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም፣ ከደረሰ በኋላ እህል በሌለበት ወር ተፍቆ ቤተሰብን ይመግባል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህ ከማናቸውም መጋዘን ይልቅ ለተቸገረው ቅርብ የሆነ መጠባበቂያ ነው።

ይህን መጠባበቂያ የሚያሰጋው አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ እንሰት ላይ በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታይቶ ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛምቷል። የሚፈውሰው መድኃኒት የለም፤ መከላከያው የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋን በእሳት ማጽዳት ነው። በእንሰት ዝግጅት ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች በመሆናቸው ትምህርቱ በቅድሚያ ለእነርሱ ሊደርስ ይገባል። የእንሰትና የሙዝ አብቃይ አገሮች የምርምር ውጤት ቢለዋወጡ ደግሞ የሚጠቀሙት ሁሉም ናቸው።

ስለዚህ የትብብር መለኪያው የተጫነው እህል ብዛት ብቻ ሊሆን አይገባም። ማስጠንቀቂያው በተሰማ ጊዜ የሚለቀቅ ገንዘብ አስቀድሞ መያዙ፣ የእህል መጠባበቂያው ሳይጎድል መቆየቱ፣ የገበሬው ጓሮም ከበሽታ መጠበቁ አብረው ይመዘኑ። ከቀየው ሳይነቀል የተረዳ ቤተሰብ ዝናቡ ሲመለስ ወደ እርሻው ለመመለስ ሌላ እርዳታ አይጠብቅም።