ሽንኩርቱም ይበላ፣ ኪኒኑም አይቅር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የእድር ሰዎች ሥራችን ድንኳን መትከል፣ አስከሬን መሸኘትና ሐዘንተኛን ማጽናናት ነው። ዛሬ ግን ሰው ሳይሞት እንነጋገር ብለን ተነሥተናል። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ አባላችን የደም ግፊት ነበረባቸው። ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን ትተው በነጭ ሽንኩርትና በቅጠል ሻይ ብቻ ቆዩ። አንድ ቀን ጧት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ሳምንትም አልሞላቸው፣ ቀበርናቸው። ለቅሶው ላይ «ቀኑ ደርሶ ነው» አልን። ኪኒኑን መተዋቸውን ግን ሰምተን ነበር፤ ሰምተንም ዝም አልን።

ታዲያ ዕፅዋት አይጠቅሙም ልንል ነው? የለም። ይጠቅማሉ፤ ግን ልክ አላቸው።

በቀይ ሽንኩርት፣ በጎመን፣ በሻይ ቅጠል፣ በብርቱካንና በሎሚ፣ በወይንና በቀይ ማሽላ ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባል ነገር አለ። ለብዙ አበባና ፍሬ ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው። ተክሉ ከፀሐይ ቃጠሎና ከተባይ ራሱን ይጠብቅበታል። ብረት አየርና ውሃ ሲያገኘው እንደሚዝገው ሁሉ በሰውነታችንም ውስጥ የዝገት ዓይነት መበላሸት አለ። ፍላቮኖይድ በብልቃጥ ሲሞከር ይህን ዝገት ይከላከላል፤ አንቲኦክሲዳንት የሚሉት ለዚህ ነው። ነገር ግን ከበላነው ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ ያንንም ሰውነታችን ለውጦ ቶሎ ያስወጣዋል። እንግዲህ በብልቃጥ የታየው ሁሉ በሰው ላይ አይሠራም።

ነገሩ ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የሃንጋሪው ሊቅ አልበርት ሴንት ጆርጂና ባልደረቦቹ ከሎሚና ከበርበሬ ያገኙትን ይህን ነገር ለደም ሥር ይበጃል ብለው «ቫይታሚን ፒ» አሉት። በኋላ ቫይታሚን አለመሆኑ ታወቀና ስሙ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የሆላንድ ጥናት ደግሞ በዙትፈን ከተማ 805 ሽማግሌዎችን 5 ዓመት ተከታትሎ፣ ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ብዙ ፍላቮኖይድ ያገኙት በልብ በሽታ የሞቱት አነስተኛ እንደሆኑ አሳየ። ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን ሽንኩርት የሚያዘወትር ሰው ሌላውንም ነገር ተጠንቅቆ የሚኖር ሊሆን ስለሚችል፣ ያዳነው ሽንኩርቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

አንቲኦክሲዳንት በኪኒን ሲሰጥ ጉዳት ያመጣበትም ጊዜ አለ። የካሮት ቀለም የሆነው ቤታ ካሮቲን ፍላቮኖይድ ባይሆንም አንቲኦክሲዳንት ነው። በፊንላንድ ሲጋራ ለሚያጨሱ ወንዶች በኪኒን ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ የሳንባ ካንሰር ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ ተባለ። በሌላ በኩል ዲዮስሚን የሚባለውን ፍላቮኖይድ ሐኪሞች ለኪንታሮት ያዙታል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ይህኛው ተመዝኖ፣ ተፈትኖ፣ ለታወቀ በሽታ የሚሰጥ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሽንኩርቱን፣ ጎመኑንና ፍራፍሬውን አዘውትረን እንብላ። ቀይ ሽንኩርት ስንልጥ ደረቁን ብቻ እናንሣ፤ ፍላቮኖይዱ የሚበዛው በውጭኛው በኩል ነውና።

ሁለተኛ፣ ሻይ መልካም ነው፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ግን ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር ከምግቡ እንዳናገኝ ያግዳል። እርጉዞችና ደም ያነሳቸው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡ።

ሦስተኛ፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥ። ከመድኃኒት ጋር የሚጣላ ቅጠልም ስላለ፣ በቤታችን የምንጠጣውን ሳናፍር ለሐኪሙ እንንገር።

አራተኛ፣ የታመመ ስንጠይቅ «እንዴት ዋሉ?» ብለን ብቻ አንመለስ። «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» እንበል። በገንዘብ ምክንያት የተወ ካለም ደብቆ አይቀመጥ፤ ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለኪኒን ማዋጣት አያቅተንም።

ዕድሜና ጤና ለሁላችን ይስጠን።