ለቀብር ምልክት፦ ድንጋይ ወይስ ሐውልት?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መስጊዳችን መጡ። ባለቤታቸው ወደ አኺራ ሄደው፣ እርሳቸውም አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳቸውን ጨርሰው መውጣታቸው ነበር። «ሸኾቼ፣ ልጆቼ በአባታቸው ቀብር ተጣሉብኝ» አሉን። ነገሩ እንዲህ ነው። አባትዬው የተቀበሩት እዚሁ አዲስ አበባ ኮልፌ ነው። ሴት ልጃቸው በአረብ ሀገር በሥራ ላይ ስለነበረች፣ አሠሪዎቿም ስላልለቀቋት ለጀናዛው አልደረሰችም። ስለዚህ ካጠራቀመችው ላይ ገንዘብ ልካ፣ ቀብሩ በእብነ በረድ እንዲለበጥ፣ ዙሪያው በብረት እንዲታጠር፣ በራስጌው የአባቷ ፎቶግራፍና ስም ከቁርኣን አንቀጽ ጋር እንዲደረግ ጠየቀች። ወንድሟ ደግሞ «ይህ ሺርክ ነው፣ ብሩንም አልነካውም» አለ። እርሷም «አባቴን ባለቤት እንደሌለው ሰው ልትጥሉት ነው?» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። እናትየው ወደ እኛ ሲመጡ ልጆቻቸው ከተነጋገሩ ሁለት ወር አልፏቸዋል።

ይህን ያነሳነው የዚህ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ወደ ከተማ መቃብሮቻችን የሄደ ሰው ከተራው የአፈር ቀብር መካከል በሲሚንቶ የታሰረ፣ በሴራሚክ የተለበጠ፣ ስምና ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ቀብር ማየቱ አይቀርም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለሟቾቻቸው ሐውልት ያቆማሉ፤ እርሱ የእነርሱ ልማድ ነው፣ የምንነቅፈው ነገር የለንም። የእኛ ሰው ግን «ምን ይሉኛል» ብሎ ሲከተል ቆም ብሎ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ።

ለሁለቱ ልጆች መጀመሪያ የነገርናቸው የዑስማን ኢብኑ መዝዑንን (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ዑስማን ከሙሃጂሮች መካከል በመዲና መጀመሪያ የሞቱት ሶሃባ ናቸው፤ የተቀበሩትም በበቂዕ ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድን ሰው ድንጋይ እንዲያመጣ አዘዙት። ሰውየው ሞከረ፤ ድንጋዩ ከበደውና ማንሳት አቃተው። ያኔ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ተነስተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ታሪኩን ያስተላለፈው ሰው፣ ክንዳቸውን ሲገልጡ የታየው ንጣት አሁንም በዓይኑ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚናገረው። ድንጋዩን ተሸክመው በራስጌው አኖሩት፤ በእርሱም የወንድማቸውን ቀብር እንደሚለዩበትና ከቤተሰባቸው የሚሞተውን በአጠገቡ እንደሚቀብሩ ተናገሩ።

ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሰውን ሁሉ ቀብር እናጥፋ፣ ማንም የማንን አይወቅ የሚል ሰው ካለ፣ ይህን ድንጋይ የተሸከሙት እነማን እንደሆኑ ይመልከት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዱት ሰው ቀብር እንዳይጠፋባቸው ፈልገዋል። ሌላውን ከብዶት ሲያዩ ይቅር አላሉም። በአንጻሩ በድንጋዩ ላይ አልጻፉም፣ አላስጠረቡትም፣ በዙሪያው አልገነቡም። ያኖሩት ከምድር የተገኘ፣ እንደነበረ ያለ ድንጋይ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ ግልጽ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀብር በኖራ እንዳይለሰን፣ እንዳይቀመጡበትና በላዩ እንዳይገነባ ከልክለዋል። በቲርሚዚ ዘገባ ላይ «እንዳይጻፍበት» የሚል ተጨምሯል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ደግሞ ከፍ ተደርጎ የተሠራን ቀብር ሳያስተካክሉ እንዳያልፉ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መላካቸውን ተናግረዋል፤ ይህም በሙስሊም ተዘግቧል። ኢማሙ ሻፊዒይ «አል-ኡም» በተሰኘው ኪታባቸው፣ ከጉድጓዱ ከወጣው አፈር በላይ ባይጨመርና ቀብሩ አንድ ስንዝር ያህል ቢነሳ ይወዳሉ። መገንባትና መለሰን ጌጥንና ኩራትን ስለሚመስል፣ ሞት ደግሞ የሁለቱም ቦታ ስላልሆነ አይወዱትም። የሙሃጂሮችና የአንሷሮች ቀብር ተለስኖ እንዳላዩም ጽፈዋል። በመካ በመቃብር ውስጥ የተሠራውን ባለሥልጣናት ሲያፈርሱ ፉቀሃዎች ሲቃወሟቸው አለማየታቸውንም ጨምረዋል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ቀላልና የእኛን ከተማ የሚመለከት ነው። የሙስሊሞች መቃብር የጋራ ነው። አንዱ ለሟቹ አጥር ሲያጥር የሚያጥረው የሌላውን ሟች ቦታ ነው። ዑለማዎች በግል ይዞታ ላይ መገንባትን የተጠላ (መክሩህ) ሲሉት፣ በጋራ መቃብር ላይ ግን ሐራም ነው ያሉት ለዚህ ነው። የቁርኣን አንቀጽ የማስቀረጹንም ነገር እናስብ፦ ዝናብ፣ አቧራና የወፍ ኩስ ይወርድበታል፣ ድንጋዩ ሲወድቅም እግር ይረግጠዋል። አክብረን የጻፍነውን በገዛ እጃችን ለውርደት ዳረግነው ማለት ነው። ስለ ፎቶግራፉ ብዙ መናገር አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ወንድምየው እንመለስ። ብሩን ለዚያ ሥራ አለመቀበሉ ልክ ነበር፤ አፉ ግን ልክ አልነበረም። ሺርክ ማለት ለአላህ ብቻ የሚገባውን ዒባዳ ለሌላ መስጠት ነው። አባቷን ናፍቃ እብነ በረድ ያሰበች ልጅ ከቀብሩ ምንም አልለመነችም። የተከለከለን ነገር የተከለከለ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ የሙስሊምን እህት ከኢስላም በር ላይ ማቆም ግን ሌላ ነው። ይህን ስንነግረው አንገቱን ደፋ። ኪታብ በጀመርንበት ዕድሜ እኛም እንደርሱ ነበርን፤ አላህ ይማረን።

የስም መጻፍ ጉዳይ ግን እንደ ግንባታው አይደለም። ብዙዎቹ የሻፊዒይ ዑለማዎች፣ ከእነርሱም ኢማሙ ነወዊ፣ በቀብር ላይ መጻፍ መክሩህ ነው ብለዋል። ከኋለኞቹ የሐነፊይ ዑለማዎች ግን ቀብሩ እንዳይጠፋና እንዳይረገጥ የሚያስፈልግ ሲሆን መጻፉ ችግር የለበትም ያሉ አሉ። አል-ሐኪም የክልከላውን ሐዲስ ከዘገቡ በኋላ፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያሉ የሙስሊም ኢማሞች ቀብር እንደተጻፈበት ጠቅሰዋል፤ ዘሀቢ ደግሞ ይህን ያደረገ ሶሃባ አናውቅም፣ የኋለኞች ነገር ነው ሲሉ መልሰውላቸዋል። በሀገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ፣ ስም ብቻ በተጻፈባት ትንሽ ድንጋይ ሰው ከሰው ጋር ሊጣላ አይገባም። እኛ የምንመርጠው ያልተጻፈበትን ነው።

አንድ ኮሌጅ የተማረ ወጣት በዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አንስቶልናል። በዳህላክ ደሴቶችና በትግራይ ኩሓ አካባቢ ከ800 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ በአረብኛ የተጻፈባቸው የሙስሊም መቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። «እነዚህ ባይጻፉ ኖሮ በዚያ ዘመን በእንደርታ ሙስሊሞች እንደነበሩ በምን እናውቅ ነበር?» አለን። እውነት ነው፣ የታሪክ ምሁራን ከእነርሱ ብዙ ተምረዋል፤ እኛም ስናነብ ደስ ብሎናል። የጥንት ሰዎች ያደረጉት ሁሉ ግን ለሑክም ማስረጃ አይሆንም። ታሪካችንን ለመጻፍ ወረቀት አለን፤ መጻፉ ላይ ነው የሰነፍነው።

የእህቲቱን ሐዘን ግን ቀላል አድርገን አላየነውም። ጀናዛ ያልሸኘ ሰው ሐዘኑ መያዣ ያጣል። እኛም እናታችን ወደ አኺራ ስትሄድ ለትምህርት ከሀገር ውጭ ነበርን። ከሁለት ዓመት በኋላ ወሎ ወደሚገኘው ቀያችን ስንመለስ አጎታችን ወደ መቃብሩ ይዞን ሄደ። ሁለት ክረምት አልፎበት አፈሩ ተስተካክሏል፣ ሣሩም ጉልበት ደርሷል። በራስጌና በግርጌ የቆሙትን ድንጋዮች ከብት ገፍቶ ጥሏቸዋል። አጎታችን ከአንድ ጥድ ሥር ቆሞ «ይቺ ናት» አለን። ጥቂት ቆየና ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዶ «አይ፣ ይቺ ሳትሆን አትቀርም» አለ። ሽማግሌ ነው፣ ምን እንበለው? ዱዓችን በሁለት እርምጃ መንገድ እንደማይስት እናውቃለን። ያስጨነቀን ሌላ ነበር፦ የቆምነው በእናታችን ላይ ይሆን? ጫማችንን አውልቀን ወደ ኋላ እየተመለስን ከመቃብሩ ዳር ቆመን ነው ዱዓ ያደረግነው።

መስጊድ ትጠርግ የነበረችውን ሴት ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይነገራቸው ስትቀበር፣ ቀብሯን እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ፤ አሳዩዋቸው፣ ሰገዱባት። የሚያሳይ ሰው ስለነበረ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ስለዚህ ለዚያ ወንድም የሰጠነው ሥራ ይህ ነው። ከከብትም ከጎርፍም የሚቆም ከበድ ያለ ድንጋይ ፈልግ፤ ግማሹን ቅበረው። ከመቃብሩ በር ጀምረህ ረድፉን ቁጠር፣ በወረቀት ጻፈው፣ አንዱን ቅጂ ለእናትህ፣ አንዱን ለእድሩ ጸሐፊ፣ አንዱን ለእህትህ ላክ።

ገንዘቡስ? ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው የሞቱት እርሳቸው በሌሉበት ነበር፤ ልክ እንደዚህች እህት። ሰደቃ ብሰጥላት ይጠቅማታልን ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ አዎን ተባሉ፣ የአትክልት ቦታቸውንም ለእርሷ ሰደቃ አደረጉት። በሌላ ዘገባ የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ጠይቀው ውሃ ነው ስለተባሉ ጉድጓድ አስቆፍረው በእናታቸው ስም አድርገውታል። ይህን በስልክ ስንነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አባቷ በተወለዱበት መንደር ያለው መስጊድ ለውዱእ ውሃ ከወንዝ እንደሚቀዳለት አስታውሳ ነገረችን። የተላከው ብር የውሃ ታንከርና ቧንቧ ሆነ። ስም አልተጻፈበትም፤ መንደርተኛው ግን የማን እንደሆነ ያውቃል።

እህቲቱ ለእረፍት ስትመጣ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ኮልፌ ነው። ሴት ቀብር መዘየር ትችላለች አትችልም የሚለው ሌላ ጊዜ የምንመለስበት ነው፤ እኛ ዋይታ እስከሌለበት ድረስ ከፈቀዱት ዑለማዎች ጋር ነን። እናትየው ተከትለዋት ነበር። ወረቀቱን በእጇ ይዛ ረድፉን ስትቆጥር ወንድሟ ከኋላ ቀረ። «ጫፉ የተሰበረ ጥቁር ድንጋይ» ብሎ ጽፎላት ነበርና ራሷ አገኘችው።