የእርግዝና ስኳር ምርመራና ረመዷን

በሥላሴና በፒያሳ የምትኖሩ እህቶች፣ «የእርግዝና ስኳር ምርመራውን ከረመዷን በኋላ ባደርገውስ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የተለመደው ጊዜው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ስለሆነ ረመዷን ሊውጠው ይችላል። በሽታው በአብዛኛው ምልክት አያሳይም፤ ሳይታከም ሲቀር ግን ፅንሱ ከልክ በላይ ሊገዝፍ፣ ምጡም ሊከብድ ይችላል።

በባዶ ሆድ ደም ይሰጣል፤ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ 2 ሰዓት ያህል ተጠብቆ ደሙ ዳግመኛ ይታያል። ጥቂት ደም መስጠት በብዙ ዑለማዎች ዘንድ ፆም አያፈርስም፤ መጠጡ ግን ያፈርሳል። (ስሑር የበላችም ጠዋት ሆዷ ባዶ አይደለም።) ስለዚህ ሳምንታችሁን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ጊዜው ረመዷን ውስጥ ከወደቀ፣ ለራሷ ወይም ለፅንሷ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ያን ቀን ልትበላ ተፈቅዶላታል፤ ቀዷውን በኋላ ታወጣለች።

ባሎች ሆይ፣ «እናቶቻችን መች ተመረመሩ?» አትበሉ፤ ስንቶቹ በወሊድ እንደቀሩ ታውቃላችሁ። ስኳር የተገኘባት እህትም ቀሪውን ወር ስለ መፆሟ ከሐኪሟ ጋር ትምከር።