የአሰልጣኙ ጥንቃቄና የደጋፊው ቁጣ፦ ከአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች የተነሣ ጥያቄ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእስ ለዚህ አዳራሽ የቀለለ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሰው በሕዝብ ፊት፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ውጤቱ ወዲያው በሚታወቅ ጉዳይ ላይ ሲወስን ለማጥናት ከእግር ኳስ ሜዳ የተሻለ ቤተ ሙከራ ማግኘት ከባድ ነው። የማነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው። አሰልጣኝ በማጥቃት ረገድ ከሚገባው በላይ የሚቆጠበው ለምንድን ነው? ደጋፊውስ በዚህ ቁጠባ የሚቆጣው ስላላወቀ ነው ወይስ ስላወቀ?

በመጀመሪያ ቁጣውን በትክክል እንረዳው። ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ወርዶ አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ሰው መቀመጫዎቹን በስማቸው ያውቃቸዋል፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፣ ዳፍ ትራክ። የመግቢያው ዋጋና የተመልካቹ ኑሮ ይለያይ እንጂ፣ ለብዙ ዓመታት በነዚህ ቦታዎች ተቀምጬ የሰማሁት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ጨዋታው ያለ ጎል 70ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል እንበል፤ አሰልጣኙ አጥቂውን አስወጥተው ተከላካይ አማካይ ያስገባሉ። ወይም ቡድኑ 1 ለ 0 እየመራ ነው፤ ዐሥሩም ተጫዋቾች ወደ ራሳቸው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ይሰበሰባሉ። በዚህ ጊዜ ከመቀመጫዎቹ የሚነሣው ድምፅ «ለምን ተሸነፋችሁ?» የሚል አይደለም፤ ገና ማንም አልተሸነፈም። ድምፁ «ለምን አትሞክሩም?» ነው የሚለው። ደጋፊው ሽንፈትንና አለመሞከርን ለይቶ ያውቃል። ለመጀመሪያው ያዝናል፤ ለሁለተኛው ይቆጣል። ቁጣውንም «ከስሜታዊነት የመጣ» ብሎ ማለፍ ይህን ልዩነት አለማየት ነው።

ይህ ልዩነት ከታሪክ የተወረሰም ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ስታዲየም በተደረገው የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታለች። የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን ሁለት ጊዜም አቻ ሆነ፤ በጭማሪው ሰዓት ሁለት ጎል አክሎም 4 ለ 2 አሸነፈ። መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጎል አስቆጠሩ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበሉ። የኢትዮጵያ ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ድል ከኋላ ተነሥቶ በማጥቃት የተገኘ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ተመልካች አሰልጣኙን «አጥቃ» ሲል፣ ከአባቶቹ የሰማውን የአንድ ቀን ማስረጃ ይዞ ነው።

ትዝታ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ጎል የተቆጠረበት ተከላካይ መስመር ለማንም አሰልጣኝ አሳፋሪ ነው። ነገር ግን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ባስቆጠሯቸው ጎሎች ኢትዮጵያ 2 ለ 0 ስታሸንፍ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ በገቡት ሦስት ጎሎችም ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። አሁን ሌላ ታሪክ እናስብ። ቡድኑ በሱዳን ተጠንቅቆ ተጫውቶ 2 ለ 0 ብቻ ቢሸነፍ ኖሮ፣ በማግስቱ ጋዜጦች ያነሰ ይወቀስ ነበር፤ የአዲስ አበባው 2 ለ 0 ግን አሸናፊውን ገና ባልለየ ነበር። የሚያሳፍረው ሽንፈት ከሚያስከብረው ሽንፈት ይልቅ ጠቀመ።

በሊግ ውድድር ደግሞ ሒሳቡ የበለጠ ግልጽ ነው። ድል 2 ነጥብ ያስገኝ በነበረበት ዘመን፣ አቻ የሆነ ቡድን ቢያሸንፍ የሚያገኘውም ቢሸነፍ የሚያጣውም እኩል 1 ነጥብ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የዓለም ዋንጫ ደግሞ በ1994 ለድል 3 ነጥብ መስጠት ከጀመሩ ወዲህ ሚዛኑ ተለውጧል። አሁን አቻ ላይ ያለ ቡድን ጎል ቢያገባ 2 ነጥብ ይጨምራል፤ ቢገባበት 1 ነጥብ ይቀንሳል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚገባበት ዕድል ከሚያገባበት ዕድል እጥፍ እስካልሆነ ድረስ፣ ወደ ፊት መሄዱ በአማካይ ያተርፈዋል። አንድ ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ አለው፤ ሁለት ጊዜ አቻ የወጣ ግን 2 ብቻ። ካታንጋ የተቀመጠው ደጋፊ ይህን ቀመር በወረቀት ላይ አልጻፈውም፤ ጩኸቱ ግን ከቀመሩ ጋር ይስማማል።

እንግዲህ አሰልጣኙ ይህን ሒሳብ አያውቁም ማለት ነው? ያውቃሉ። ችግሩ የቡድኑ ሒሳብና የእርሳቸው የግል ሒሳብ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዴቪድ ሮመር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኞችን ውሳኔ መረመረ። በዚያ ጨዋታ አንድ ቡድን በአራት ሙከራ የተወሰነ ርቀት መግፋት አለበት፤ በአራተኛው ሙከራ ላይ አሰልጣኞች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ ኳሱን በእግር ማስመታትን ይመርጣሉ። ሮመር ያገኘው ውጤት፣ አሰልጣኞቹ መሞከር የማሸነፍ ዕድላቸውን በሚጨምርበት ጊዜም እንኳ አብዝተው እንደሚቆጠቡ ነው። በሌላ በኩል ማይክል ባር-ኤሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን አጠኑ። ለግብ ጠባቂው የሚሻለው መሀል ላይ መቆም ሆኖ ሳለ፣ ከ100 ጊዜ 6 ያህሉን ብቻ ነበር የቆሙት፤ በቀረው ሁሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይወረወራሉ።

ሁለቱ ግኝቶች ተቃራኒ ይመስላሉ፤ አንዱ ማድረግ ሲገባው ይቆጠባል፣ ሌላው መቆም ሲገባው ይወረወራል። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ቢሳሳቱ ያነሰ የሚያስወቅሳቸውን መርጠዋል። ግብ ጠባቂ ቆሞ ቢገባበት «ምንም አላደረገም» ይባላል። አሰልጣኝ አጥቅቶ ቢሸነፍ «ቡድኑን አጋለጠ» ይባላል፤ ተከላክሎ በጠባብ ውጤት ቢሸነፍ ግን «ዕድል አልቀናውም» ይባልለታል። ጥንቃቄ እንግዲህ ለብዙ አሰልጣኞች የጨዋታ ፍልስፍና ከመሆኑ በፊት የወቀሳ መድን ነው። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለውን የቆየ አነጋገር ደጋፊው በአሰልጣኙ ላይ ሲወረውረው እውነት አለው፤ ጥንቃቄው የሚጠብቀው መጀመሪያ ባለቤቱን ነው።

ነገር ግን የመድኑን ዋጋ የተመነው ማነው? እዚህ ላይ ፌዴሬሽኑም፣ የክለብ አመራሩም፣ መገናኛ ብዙኃኑም፣ እኛ ተመልካቾችም አለንበት። ሰውነት ቢሻው ሀገሪቱን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱ፤ ለዓለም ዋንጫም እስከ መጨረሻው የጥሎ ማለፍ ማጣሪያ አደረሷት። በ2006 ዓ.ም. ቡድኑ በአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ሲመለስ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ በ7 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተፈራረቁ። እያንዳንዱ ስንብት የራሱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ቀጥሎ ለሚመጣው አሰልጣኝ የሚያስተላልፈው ትምህርት ግን አንድ ነው፤ ለሁለት ዓመት የሚታሰብ ሥራ የለም፣ የሚታሰበው የሚቀጥለው ጨዋታ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወጣት አጥቂ ለማሰለፍ፣ ወይም አቻ ላይ ሳለ ወደ ፊት ለመግፋት፣ ከየት ድፍረት ያምጣ?

ጥንቃቄ ሁለት መልክ እንዳለውም መዘንጋት የለብንም። አንደኛው በራስ ሜዳ ተሰብስቦ መከላከል ነው። ሁለተኛው ለዓይን የሚያምር ስለሆነ ቶሎ አይታወቅም፤ ኳስን ከተከላካይ ወደ ተከላካይ፣ ከተከላካይ ወደ ግብ ጠባቂ እያዘዋወሩ ማንንም የማያስደነግጥ ቅብብል ማብዛት። የከተማችን ደጋፊ፣ በተለይም የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ፣ ለአጭር ቅብብል ያለው ፍቅር የታወቀ ነው። አሰልጣኝ ካሳዬ አራጌ በቡና፣ አሰልጣኝ ውበቱ አባተ በብሔራዊ ቡድን የቅብብልን ጨዋታ ሲያራምዱ የተነሣው ክርክርም በዚህ ዙሪያ ነበር። እኔ ቅብብሉን አልነቅፍም፤ ከኋላ ኳስ መሥርቶ መውጣት ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። መለኪያው ቅብብሉ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ተጋጣሚን ከቦታው አፈናቅሎ ወደ ግብ የሚወስድ ከሆነ ማጥቃት ነው፤ ኳሱን ላለማጣት ብቻ ከሆነ ግን እግርን ዘርግቶ መከላከል ነው። ደጋፊው በመጀመሪያው ጊዜ ያጨበጭባል፤ በሁለተኛው ያፏጫል። ፉጨቱ ቅብብልን መጥላት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ለተቃራኒው ወገን ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ማጥቃት ያስከፍላል። ጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር ዋልያዎቹ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ከግማሽ ጨዋታ በላይ በ10 ሰው ተጫውተው 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ሁላችንም ኮራን። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ በቀይ ካርድ ወደ 10 ሰው ከወረደች በኋላ ሦስት ጎል ጨምራ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ ጎል ፍለጋ የወጣ ቡድን የተወው ክፍተት ነበር። ግሪክም እ.ኤ.አ. በ2004 በአሰልጣኝ ኦቶ ሬሃግል እየተመራች ሩብ ፍጻሜውን፣ ግማሽ ፍጻሜውንና ፍጻሜውን እያንዳንዱን 1 ለ 0 አሸንፋ የአውሮፓን ዋንጫ ወስዳለች። ሄክተር ኩፐር ግብፅን ከ1990 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ያበቁት ጥብቅ መከላከልን ይዘው ነው፤ በሩሲያ ሦስቱንም ጨዋታ ሲሸነፉ ግን ቀድሞም በአጨዋወቱ ሲያማርር የነበረው የግብፅ ሕዝብ የታገሰበት ምክንያት አለቀ።

ከነዚህ የምንማረው መከላከል ስሕተት ነው የሚለውን አይደለም። የሬሃግል መከላከል አቅምን ከተጋጣሚ ጋር አመዛዝኖ ለማሸነፍ የተመረጠ ስልት ነበር። እኔ የምነቅፈው አቅም እያለ፣ ተጋጣሚ ደክሞ እያለ፣ ነጥቡም እየጠየቀ፣ ወቀሳን በመፍራት ብቻ የሚመረጠውን ቁጠባ ነው። ሁለቱን የሚለየን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ውሳኔ ለማሸነፍ ይረዳል ወይስ ስንሸነፍ ለማስረዳት?»

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የውበቱ አባተ ቡድን ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድሉ የተገኘው ግን በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው፤ የሀገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው «የሜዳችን ጨዋታ» በሰው ሀገር ሆነ። የግብፁ አሰልጣኝ ኢሃብ ጋላል ሥራ በያዙ በጥቂት ወራት፣ ከዚያ ሽንፈት ጥቂት ቀናት በኋላ ተሰናበቱ። በአንድ ጨዋታ ሁለቱን ነገር አየን። በአንድ በኩል «ሞክሩ» ሲል የኖረው ሕዝብ ሙከራው ሲሰምር በቦታው አልነበረም። በሌላ በኩል ተሸናፊው አሰልጣኝ የከፈሉትን ዋጋ ሌሎች አሰልጣኞች ሁሉ አዩ። ተመልካች በሌለበት ሜዳ ለአሰልጣኙ የሚቀረው ዳኛ የውጤት ሰሌዳው ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ ሙከራን አይመዘግብም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ አሰልጣኝ ሲቀጥሩ የሚጠብቁትን የአጨዋወት መንገድና የግምገማ ጊዜ በውሉ ውስጥ ጽፈው ለሕዝብ ይግለጹ፤ ከዚያ በፊት በሁለት ሽንፈት አያሰናብቱ። ሁለተኛ፣ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ከጨዋታ በኋላ «ውጤቱን እንዴት አገኙት?» ከማለት አልፈው «በ70ኛው ደቂቃ አጥቂውን ያስወጡት ምን አስልተው ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቡድኑ ባሸነፈበት ቀንም ጭምር። ሦስተኛው ለደጋፊው፣ ማለትም ለራሳችን ነው። እሑድ «አጥቁ» ብለን ጮኸን፣ ቡድኑ አጥቅቶ ሲሸነፍ ሰኞ «ይሰናበት» የምንል ከሆነ፣ አሰልጣኙ የሚሰሙት የሰኞውን ድምፅ ነው። በድፍረት ተጫውቶ የተሸነፈን ቡድን ቆመን አጨብጭበን ስንሸኘው፣ የወቀሳውን ዋጋ እንቀንሳለን፤ ጥንቃቄም መድንነቱ ያበቃል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ከነገ ወዲያ የመምሪያ ኃላፊ፣ ሐኪም፣ ዳኛ ወይም ርእሰ መምህር ስትሆኑ ከአሰልጣኙ ወንበር የተለየ ወንበር ላይ አትቀመጡም። ማኅተም ከማሳረፍ ደብዳቤውን ወደ ሌላ ክፍል መምራት፣ አዲስ ሐሳብ ከመፍቀድ «ይጠና» ማለት ሁልጊዜ ያነሰ ያስወቅሳል። ይህም ኳሱን ወደ ግብ ጠባቂው መመለስ ነው። ባለጉዳዩም በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሚስማር ተራው ደጋፊ «ለምን አትሞክሩም?» ይላል። እርሱን ስትሰሙት፣ እባካችሁ፣ ስሜታዊ ነው ብላችሁ አትለፉት።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።