ከአምስተርዳም ምን ይዘን መጣን?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በተጓዥ ተማሪዎቹ ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ሰኔ ስድስት ሆነን የቁጠባና ብድር ሒሳብ አያያዝ ለመማር ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ወደ ሆላንድ፣ አምስተርዳም ከተማ ሄደን ስምንት ቀን ቆይተናል። ከተመለስን ጀምሮ «ምን አመጣችሁልን?» የማይለን የለም። ቸኮሌቱ ቦሌ ሳንደርስ ማለቁን እንናዘዛለን። የሥልጠናውን ሪፖርት ለሥራ አመራር ኮሚቴው አስገብተናል። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ከተማዋ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ።

አውሮፕላናችን ያረፈው ከባሕር ወለል በታች በሆነ መሬት ላይ ነው። ስኪፕሆል የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ድሮ ሐይቅ ነበር። ውሃውን በእንፋሎት በሚሠሩ ፓምፖች መጥጠው በ1852 መሬት አደረጉት። ከእንጦጦ ሥር ለሄድን ሰዎች ይህን ማመን ቀላል አልነበረም።

ከተማው ውስጥ ስንገባ የጠበቅነው የመኪና ጩኸት ነበር። የሰማነው የብስክሌት ቃጭል ነው። የእግረኛ መንገድ መስሎን ሻንጣችንን ይዘን የቆምንበት ቀይ መንገድ የብስክሌት ሆኖ ተገኘ። የአያት ዕድሜ ያላቸው ሴት ቃጭላቸውን እያንጫረሩ፣ በቋንቋቸው እየተቆጡ አለፉን። ቃሉ ባይገባንም ቁጣው ገብቶናል። ከዚያ በኋላ ቆም ብለን ስናይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ከፊት ባለው ሣጥን ሁለት ልጆች የጫነች እናት፣ ተማሪ፣ ሽማግሌ፣ ሁሉም በብስክሌት ነው። የቱ ሀብታም፣ የቱ ድሃ እንደሆነ መለየት አቃተን።

ቤቶቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው። አንዳንዶቹ ወደ ጎን ዘመም ብለው ጎረቤታቸውን የተደገፉ ይመስላሉ። ደረጃቸው ዕቃ ስለማያሳልፍ ከጣሪያው ሥር መንጠቆ አለ፤ አልጋውም ቁም ሣጥኑም በገመድ ተጎትቶ በመስኮት ይገባል። ብዙው መስኮት ደግሞ መጋረጃው አይዘጋም። ሲበሉ፣ ሲያነቡ ከመንገድ ይታያሉ። እኛ አፍረን ዞር እንል ነበር።

ፀሐይዋ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ድረስ አትጠልቅም። የሐዋርያት ጾም ላይ ስለነበርን ምሳ የሚቀርበው ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ ለአብዛኞቻችን አልሆነም። ከቤት የያዝነው ሽሮና በሶ ባይኖር ኖሮ ሌላ ታሪክ እንነግራችሁ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠምቶን አንድ ሱቅ ገባን። ጠርሙሱን አንስተን ብሩን ዘረጋን። ሻጩ ራሱን ነቀነቀ፤ «ካርድ ብቻ» አለን። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። እኛ ብር ስንቆጥር፣ በላስቲክ ስናስር፣ ካዝና ስንቆልፍ የኖርን የሒሳብ ሠራተኞች በእጃችን ገንዘብ ይዘን ውሃ መግዛት አቃተን። በመጨረሻ አስጎብኚያችን በካርዷ ከፍላልን ገንዘቡን ሰጠናት። ነገሩ ትንሽ ነው። ግን ገንዘብ እያለህ «ያንተ አይሆንም» መባል ምን እንደሚመስል ያን ቀን ቀመስነው።

ዳም በሚባለው አደባባይ ያለውን ቤተ መንግሥትም ጎበኘን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ለከተማው አስተዳደር ነበር። መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ሕንፃው በ13,659 የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ከአፈር በታች ስለሆኑ አንዱንም አላየንም። ውስጡ የከሠሩ ሰዎች ጉዳይ ይታይበት የነበረ ክፍል አለ። ከበሩ በላይ ባዶ ሣጥን፣ ያልተከፈሉ ሰነዶችና የሚርመሰመሱ አይጦች በድንጋይ ተቀርጸዋል። ስድስታችንም እርስ በርስ ተያየንና ሳቅን። በካርቶን ያስቀመጥነው ደረሰኝ በአይጥ የተበላብን ጊዜ ነው የታወሰን። ኦዲተሩ ግን ያኔ አልሳቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ኔስ የምትባል ጠባብ መንገድ አለች። በ1602 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሲቋቋም የአምስተርዳም ሰው አክሲዮን ለመግዛት የተመዘገበው እዚያ በነበረው በነጋዴው ዲርክ ፋን ኦስ ቤት ነው። ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ሀብታሞቹ በብዙ ሺህ ጊልደር። ዝቅተኛ የሚባል መጠን አልተወሰነም ነበር። ምዝገባው በሚዘጋበት በኦገስት 31 ቀን፣ ከመጨረሻዎቹ መካከል አንዲት ሴት በ100 ጊልደር ተመዘገበች። ስሟ ኔልትኸን ኮርኔሊስ ነው። የዚያው ቤት ሠራተኛ ነበረች። መቶው ጊልደር ከግማሽ ዓመት የሥራ ዋጋዋ በላይ ነበር።

እኛ እንደምንገምተው ወሩን ሙሉ በር ስትከፍት፣ የነጋዴዎቹን ካፖርት ስትቀበል፣ ወሬያቸውን ስትሰማ ከርማ ነው። መዝገቡ ግን ስሟን ከጌታዋ ስም ጋር አብሮ ይዞታል።

ነገሩን አሳምረን ብቻ ብንነግራችሁ ሒሳብ መደበቅ ይሆንብናል። ያ ኩባንያ ያተረፈው በንግድ ብቻ አልነበረም። በ1621 በባንዳ ደሴቶች ለቅመም ሲል ሕዝብ ፈጅቷል፤ ሰውም በባርነት ሸጧል። የአምስተርዳም ከንቲባ በ2021 ከተማዋ በባርነት ውስጥ ለነበራት ድርሻ ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለዚህ የሚገባውንም የሚወጣውንም መጠየቅ አለብን፦ ማን ከፈለ? ትርፉስ ከየት መጣ?

እህቶቻችን፣ ያን ቀን ማታ ማረፊያችን ገብተን ብዙ አልተጫወትንም። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ደብዳቤ ነው።

አምና ሦስት የቤት ሠራተኞች አባል ለመሆን አመልክተው ነበር። ወርሃዊው የ500 ብር መዋጮ እንደሚከብዳቸው ገልጸው የሚችሉትን እንክፈል አሉ። «መመሪያው አይፈቅድም» ብለን መለስናቸው። ደብዳቤውን ያረቀቅነው እኛ ነን። ሁለቱ የሚሠሩት በአባሎቻችን ቤት ነው። ስብሰባችን እዚያ ተራ ሲደርስ ስለ ቁጠባ ስናወራ ቡናውን የሚያቀርቡልን እነሱ ናቸው። እነሱም ገንዘብ ይዘው ነበር የመጡት፤ ያንን ነው አንቀበልም ያልነው።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። መመሪያው ተሻሽሎ ከ50 ብር ጀምሮ፣ እንደ አቅም የሚከፈል ዕጣ ይፈቀድ። እያንዳንዷ የራሷን የቁጠባ ደብተር በእጇ ትያዝ። ድምፅም እንደ ማንኛችንም ይኑራት። «ነገ ተነሥታ ወደ ዓረብ አገር ብትሄድስ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ብትሄድ የቆጠበችውን ይዛ ትሄዳለች፤ የራሷ ነው። ብድሩም መጀመሪያ ከቁጠባዋ እንዳይበልጥ ማድረግ ይቻላል። ትንንሽ ሒሳብ ሥራ ያበዛል ለምትሉም፣ ሥራውን እኛ ስድስታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ያለ አበል እንሠራዋለን። የእነሱ ዕረፍት እሑድ ነውና።

ሦስቱም ዛሬ እዚህ የሉም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሥራ ላይ ናቸው። ሐሳቡ በአጀንዳው 6ኛ ተራ ቁጥር ላይ ተይዟል። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እቤታችሁ በር የምትከፍተውን ልጅ አስቧት።